ከአሮጌ ግድብ በታች ለምንኖር፦ ቆቃን ይዘን ክረምት ሳይገባ የምንሠራው ሥራ

የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠራ፤ በድምሩ 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሦስት ተርባይኖች ተተከሉለት፤ ከኋላው ደግሞ ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ያዘ። ዛሬ ዕድሜው ከ65 ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መብራት ሰጥቷል፣ አዋሽን አስታግሷል፣ ከሱ በታች ያሉትን የሸንኮራና የአትክልት እርሻዎች በበጋ አጠጥቷል። ባለውለታችን ነው። ግን አርጅቷል፤ ያረጀ ግድብ ደግሞ ከበታቹ የሚኖረው ሰው እንደ ድሮው ዝም ብሎ እንዲተኛ አይፈቅድለትም።

ይህን የምጽፈው ወንጂ ሸንኮራ ውስጥ ለሚውለው፣ መርቲና ኑራ ኤራ ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚያለማው፣ አሚባራ ከብት ለሚያረባው፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ውሃው ሲሸሽ እየተከተለ ለሚያርሰው ነው። ቤተሰቡ እዚያ ሆኖ ራሱ ዋሽንግተን ወይም ጅዳ የሚኖርም ያንብበው፤ ለሱም የሚሆን ነገር አለ።

ስለ ግድብ ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው "ይፈርስ ይሆን?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እመለስበታለሁ። ለአብዛኞቻችን ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ዘንድሮ ሐይቁ ውስጥ ለክረምቱ ጎርፍ ስንት ቦታ ቀርቷል? የግድቡ ውሃ መልቀቂያ በር ሲከፈትስ ማን ይነግረናል? ምክንያቱም ግድቡ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ አንዲት ስንጥቅ ሳይኖርበት፣ በሩ ስለተከፈተ ብቻ መንደር በውሃ ሊጥለቀለቅ ይችላል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንያዝ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አንዴ ከገባችሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ዜናውን ራሳችሁ ትተረጉሙታላችሁ።

ሐይቁ ሲሞላ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል ብለናል። ስለዚህ ውሃው አንድ ሜትር ከፍ አለ ማለት ወደ 180 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ተጨመረ ማለት ነው። አሁን ከላይ የሚገባው ውሃ በታች ከሚወጣው በሴኮንድ 500 ሜትር ኩብ ቢበልጥ እንበል። በአንድ ቀን 43 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠራቀማል። ሐይቁ ላይ ሲታይ 24 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ አንድ ስንዝር ከምናምን በሉት። ዳር ላይ ለቆመ ሰው ምንም አይመስልም። አራት ቀን እንዲህ ከቀጠለ ግን ወደ አንድ ሜትር ተጠጋ። ሐይቁ ከመሙላቱ በፊት የቀረው አንድ ሜትር ብቻ ከነበረ፣ አምስተኛው ቀን ላይ የግድቡ ሰዎች ምርጫ የላቸውም፤ የገባውን ያህል መልቀቅ አለባቸው።

"ውሃ ለቀቁብን" የምንለው ነገር የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ግን በር ከተከፈተ በኋላ ሳይሆን አራት ቀን ቀደም ብሎ ሊነገረን ይችል እንደነበር ሂሳቡ ያሳያል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ከግድብ የሚለቀቅ ውሃ ከተራራ እንደሚወርድ ደራሽ ጎርፍ ድንገተኛ አይደለም። ሲመጣ ይታያል።

አሁን ደግሞ ደለሉን ጨምሩበት። አዋሽና ሞጆ ወንዝ ከላይ ካለው የታረሰ ደጋ አፈር ተሸክመው ይገባሉ፤ ሐይቁ ውስጥ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንስና አፈሩን እዚያው ይጥሉታል። ጥናቶች እንደሚሉት ሐይቁ ሲሠራ ከነበረው የመያዝ አቅም ሢሶ ያህሉን ደለል ወስዶታል። ብዙ ሰው ደለል ከታች፣ ተርባይኑ በማይደርስበት ጥልቅ ቦታ ብቻ የሚተኛ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ዲዛይኑም ለዚያ የተወው ቦታ አለ። ነገር ግን ብዙው አፈር ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ ይከመራል፣ የጎርፉን ቦታ ይበላል። በ1950ዎቹ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ይጠበቅ የነበረ ጎርፍ ዛሬ ቶሎ በር ያስከፍታል።

"ታዲያ ለምን አይጠረግም?" ይባላል። እንቁጠረው። 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል አለ ብንል፣ አንድ ሲኖትራክ በአንድ ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን፣ ከ31 ሚሊዮን በላይ ምልልስ ነው። የት ይደፋል የሚለውን ገና አልነካነውም። ከተርባይኑ መግቢያ አካባቢ መጥረግ ይቻላል፣ ይጠቅማልም። ሐይቁን ሙሉ ጠርጎ ወደ ድሮው መመለስ ግን በአቅማችን የሚሆን አይመስለኝም። ሥራው ያለው ከላይ፣ አፈሩ ከሚመጣበት ደጋ ላይ ነው፦ እርከን፣ ቦረቦር ማከም፣ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ አለመንካት። የላይኛው አዋሽ ገበሬ ማሳውን ሲያክም የታችኛውን ሰው ቤት እያዳነ ነው፤ ታችኛው ሰው ለዚህ ሥራ በጀት ሲጠየቅ አብሮ ቢጮህ ተገቢ ነው።

መብራትና ጎርፍ በአንድ ሐይቅ ላይ ይጣላሉ

ይህም ከገባን ብዙ ነገር ይቀለናል። ለመብራት የሚያስበው ሰው ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሐይቁ ጢም ብሎ እንዲሞላ ይፈልጋል፤ በጋውን የሚያሳልፈው በዚያ ነው። የቆቃ ውሃ ደግሞ የቆቃ ብቻ አይደለም። ከሱ በታች አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ያንኑ ውሃ ይጠብቃሉ፤ ወንጂ፣ መተሐራ፣ አሚባራ እያለ ደግሞ የመስኖው ሰልፍ አለ። ለጎርፍ የሚያስበው ሰው ግን ነሐሴ ላይ ሐይቁ ክፍት ቦታ እንዲኖረው ነው የሚፈልገው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሐይቁ በደለል በጠበበ ቁጥር ግን ሁለቱን ማስታረቅ እየከበደ ይሄዳል። ዝናቡ ያጥራል ተብሎ ሐይቁ ቶሎ እንዲሞላ ከተደረገና ዝናቡ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ከጠነከረ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ከታች ያለው ሰው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል አይተናል። የዚያ ዓይነት ዓመት ተመልሶ እንደማይመጣ ማንም ዋስትና አይሰጠንም።

ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚሠራ

ሐይቁ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው፤ ሰውም ፋታ አለው። ጥያቄዎችን በጽሑፍ የምናቀርበው አሁን ነው። ነሐሴ ላይ ወረዳ ብትሄዱ ሁሉም ሰው ሩጫ ላይ ነው፣ መልስ የሚሰጣችሁ አታገኙም።

ጎረቤት ተሰባሰቡ፣ በዕድር ስም ይሁን በመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ስም አንድ ደብዳቤ በቀበሌ በኩል ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ላኩ፤ ግልባጩ ለአዋሽ ተፋሰስ መሥሪያ ቤትና ለወረዳው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ይሁን። ግድቡን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ የግድቡን ነገር ወደዚያ እንዲያስተላልፉት በደብዳቤው ላይ ግለጹ። ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለባችሁ እነዚህን ነው፦

የሐይቁ ሙሉ ከፍታ ስንት ነው፣ ዛሬስ ስንት ላይ ነው? በየሳምንቱ ይህን ቁጥር ለቀበሌው የሚያስተላልፍ ማን ነው? ቁጥሩ የሚነገረው "ከባህር ጠለል በላይ ይህን ያህል ሜትር" እየተባለ ነው፤ ለናንተ ዋናው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ አንድ ሜትር ሲደርስ ሂሳቡን ታውቁታላችሁ።

በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ሲለቀቅ ነው የኛ ሰፈር ውሃ የሚገባው? ይህን ቁጥር ብዙ ቦታ የመስኖ ሠራተኞች በልምድ ያውቁታል። በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ግን ሰውየው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

የማስተንፈሻ በሮቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍተውና ተዘግተው የተፈተሹት መቼ ነው? ዋናው መብራት ቢጠፋ በሩን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር አለ? ይህ ጥያቄ ማሳጣት እንዳይመስላችሁ። በየትም አገር ባረጁ ግድቦች ላይ ከሚፈሩት ነገሮች አንዱ በሚያስፈልግበት ሌሊት የማይከፈት በር ነው፤ ዝገት፣ ያረጀ ጎማ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ በሩ ላይ የተከመረ እምቦጭና ግንድ። እምቦጭ ቆቃ ላይ የታየው ገና በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ዛሬም አልለቀቀንም።

የሐይቁ ጥልቀት ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? ደለል በየዓመቱ እየገባ የድሮ ልኬት ይዞ በር ማስተዳደር አደገኛ ነው።

ግድቡ አደጋ ቢገጥመው ውሃው የት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ አለ? ካለ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍልን።

የሁሉም መልስ አይመጣ ይሆናል። ቢሆንም የተቀበሉበትን ማኅተም ያዙ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ደግማችሁ ጠይቁ። የሚጠይቅ ሕዝብ እንዳለ ያወቀ መሥሪያ ቤት በር ሊከፍት ሲል ስልክ ማንሳት ይቀለዋል።

ቀጥሎ ሰዓቱን አስሉ። ውሃው ከግድቡ ተለቆ እናንተ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ወንዝ ሲሞላ ማዕበሉ በሰዓት ከ4 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብላችሁ ለግምት ተነሱ። በወንዙ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ከሆነ ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ አላችሁ ማለት ነው። በመኪና መንገድ አትለኩ፤ አዋሽ ይጠማዘዛል። ለዝግጅት ግን ሁልጊዜ አጭሩን ሰዓት ያዙ። ግድብ ከተሰበረ የሚመጣው ውሃ ከዚህ በጣም ስለሚፈጥን፣ ለግድቡ ቅርብ የሆነ ሰው በዚህ ስሌት አይተማመን።

ቦታውን በእግራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ። ከፍታ ያለው ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የፋብሪካ ካምፕ፣ የትኛውም ይሁን፣ በሌሊት አሮጊት እናታችሁን ደግፋችሁ የምትደርሱበት መሆን አለበት። መንገዱ ካናል ወይም ዳይክ (ጎርፍ ለመከላከል የተከመረ የአፈር ግድብ) የሚያቋርጥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ዳይክ ላይ መሸሽ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ ከፍ ያለ ይመስላል፣ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም

አሁን ነገሩ ዕለታዊ ነው። ከሰፈሩ ሁለት ሰው መርጣችሁ የሐይቁን ከፍታ በስልክ የሚጠይቁ አድርጉ፤ የሁሉም ኃላፊነት የሆነ ነገር የማንም አይሆንም። የሜትዎሮሎጂ ትንበያ ስትሰሙ የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አትዩ። ወንጂ ፀሐይ ሆኖ ከላይ፣ በቾ ሜዳና ሞጆ አቅጣጫ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘንብ ይችላል፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ያ ነው።

ከወንዙ ዳር አንድ ምልክት ትከሉ። እንጨት ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም መቀባት በቂ ነው። ጠዋትና ማታ ታይቶ ደብተር ላይ ይጻፍ። ዝናብ ሳይኖር ውሃው በፍጥነት ከፍ ካለ በር ተከፍቷል ብላችሁ ተነሱ፣ ማንም ይንገራችሁ አይንገራችሁ።

የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ገበሬ ከነሐሴ ጀምሮ ሞተሩን ወንዝ ዳር አያሳድር። ይህን ስል ድካሙ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በየቀኑ ማንሳትና መመለስ ጉልበት ይጨርሳል። ግን የአንድ ቤተሰብ ጠቅላላ ሀብት አንዳንዴ ያ ሞተር ነው። ሐይቁ ዳር የሚያርስ ሰው ደግሞ የደረሰውን ሽንኩርት ዋጋ ይጨምራል ብሎ እያቆየ ከሐይቁ ጋር መፎካከር የለበትም፤ ውሃው ሲመለስ አይጠብቅም።

መታወቂያ፣ የመሬት ካርታ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ በፌስታል ተጠቅልሎ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፎቶውን ውጭ ላለ ዘመድ ላኩ። ከብቶች በሌሊት ታስረው አይደሩ፤ ቢያንስ ገመዱ ቶሎ የሚፈታ ይሁን። ጎርፍ ሲመጣ ከጉልበት በላይ የሆነ የሚሮጥ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን። አዋሽ ላይ አዞና ጉማሬ እንዳለም አትርሱ፣ ውሃው ሲሰፋ እነሱም ሰፈር ድረስ ይመጣሉ።

"ይፈርስ ይሆን?"

ቆቃ በኮንክሪት ክብደቱ ውሃውን የሚገፋ ግድብ ነው። እንዲህ ያለው ግድብ ከሥሩ የሚሰርገው ውሃ ወደ ላይ እንዳያነሳው ውስጡ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ በዕድሜ ብዛት በኖራ ይደፈናሉ፣ መጠረግ አለባቸው። የግፊት መለኪያዎቹም በየጊዜው መነበብ አለባቸው። ይህን ከውጭ ሆነን አናይም፤ ለዚህ ነው ጥያቄው በደብዳቤ የሚሄደው።

በአፈርና በድንጋይ ሙሌት የተሠራ ግድብ በታች የሚኖር ሰው ግን በዓይኑ ሊያየው የሚችል አንድ ትልቅ ምልክት አለ። ከግድቡ ሥር ጥርት ያለ ውሃ ትንሽ ቢፈስ የተለመደ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ አፈሩ እየተሸረሸረ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ቲተን የሚባለው ግድብ በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 1976 የተሰበረው እንዲህ ነው፤ ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ታየ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ሄደ። ሊቢያ ደርና ላይ ደግሞ በ1970ዎቹ የተሠሩና ጥገና የራቃቸው ሁለት ግድቦች መስከረም 2023 ሌሊት ላይ ተከታትለው ሲሰበሩ ሺዎች አለቁ። ጎረቤታችን ሱዳንም በነሐሴ 2024 የአርባዓት ግድብ ተሰብሮባታል። የደፈረሰ ውሃ፣ አዲስ ምንጭ፣ ግድቡ ላይ የሰመጠ ጉድጓድ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ወዲያው ለወረዳና ለፖሊስ ደውሉ። እስኪመጡ ቆማችሁ አትዩት።

የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር አለ። ቆቃም፣ የአፈርና የድንጋይ ግድብ የሆነው ከሰምም ያሉት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት መሬቱ ሲናጥ፣ በሺዎች ሰው ሲነሳ፣ የከሰም ግድብ ስም በየቤቱ ይጠራ ነበር። ከግድብ በታች ሆናችሁ ለመቆም የሚያስቸግር መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ፣ ማረጋገጫ ሳትጠብቁ ወደተመረጠው ከፍታ ውጡ። ከዚያ ሆናችሁ ጠይቁ። በከንቱ የወጣችሁበት ቀን ቢኖር ምንም አይደለም፤ ልምምድ ሆነ ማለት ነው።

ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ "ግድቡ ፈረሰ" የሚል ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት ቀኑንና ቦታውን እዩ። የሌላ አገር ቪዲዮ በአማርኛ ድምፅ ተደርቦበት ይዞራል፤ በሌሊት ሰው ከነልጁ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እንዲሮጥ ያደርጋል። ከሰፈሩ ጋር አንድ የሚደወልለት ሰው ተስማሙ፣ ከሱ ስሙ። ብር የምትልኩ ከሆነም ከአደጋው በፊት ላኩት፦ ለአንድ ድምፅ ማጉያ፣ ለባትሪ፣ ለቀበሌው የስልክ ካርድ።

ውሃው ሲመለስ

ጎርፍ የነካውን የጉድጓድ ውሃ ሳታክሙ አትጠጡ፤ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ተጠቀሙ። የሐይቁ ውሃ በደህናው ቀንም ከሞጆ በኩል የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባበት ለመጠጥ አትመኑት፣ ማፍላት ኬሚካል አያወጣም። አጎበር ዘርጉ፣ የተኛ ውሃ ባለበት ወባ ይከተላል።

ከዚያ አንድ ሥራ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ትምህርት ቤቱ ግድግዳና የመብራት ምሰሶ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ደብተራችሁ ላይ ካለው የወንዝ ልኬትና በሩ ከተከፈተበት ሰዓት ጋር አስተያዩት። ስንት ሜትር ኩብ ሲለቀቅ ውሃው የት እንደደረሰ፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ማን ቀድሞ እንደነገራችሁ በአንድ ገጽ አስፍራችሁ ለወረዳውም ለተፋሰሱ መሥሪያ ቤትም ስጡ፤ አንድ ቅጂ ግን ከቀበሌው ውጭ፣ በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ። የግንቦቱ ደብዳቤ የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።